ውስጡን ለቄስ

በእኛ አገር የጋለ ነገር ሐኪም አጥቶ አያውቅም። ሕፃን ቢያተኩሰው፣ ፍሪጅ ቢግል፣ ስልክ ኪስ ውስጥ ቢሞቅ፣ በአቅራቢያው ያለ ሰው ሁሉ ተራ በተራ መጥቶ የእጁን ጀርባ ያሳርፍበታል። ከንፈሩን ይመጥጣል። ቀጥሎ መድኃኒት ያዛል። ይኼ ሁሉ ደቂቃ አይፈጅም፤ የካርድም አይጠየቅበትም።

ይህን ጠባያችንን በደንብ ያጠናሁት የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር በታመመበት ሰሞን ነው። ልጁ ገርጂ ውስጥ አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ ተከራይቶ የሠርግ ቪዲዮ ይሠራል። ጥር ሲገባ እንቅልፍ የለም። ዐቢይ ጾም ሲያዝ ሙሽሮቹ ወደ ኑሯቸው ይገባሉ፤ እሱ ግን የጥርን ዳንስ እየቆረጠና እየቀጠለ ሁዳዴን ይገፋል። ጥሎሽ አለ፣ ሠርግ አለ፣ መልስ አለ፣ ቅልቅል አለ፤ በመሀል ደግሞ ከመናፈሻ መናፈሻ የሚዞሩበት ማለቂያ የሌለው የፎቶ ጉዞ አለ። ድሮን ከመጣ ወዲህ ይኸው ሁሉ ከሰማይም ይቀረጻል። ቪዲዮው አልቆ ለባለቤቶቹ ሲደርስ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ልጃቸው ክርስትና ተቃርቧል፤ የእሱንም ቀረጻ እዚያው ያዛሉ። ሳይደግስ አይጣላም።

ኮምፒውተሩን በ2011 ዓ.ም. ነው የገዛው። መብራቱን ገዛ፣ ኮምፒውተሩ ተመረቀለት ብል ይሻላል። የኬዙ አንድ ጎን መስተዋት ነው። በመስተዋቱ ውስጥ ፋኖች ይሽከረከራሉ፤ እያንዳንዳቸው ቀለም ይቀያይራሉ። መሀል ላይ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ፣ አንዲት ክብ ነገር ተገጥማለች፤ እሷም አንዴ ቀይ፣ አንዴ ሰማያዊ፣ አንዴ ሐምራዊ ትሆናለች። ከእሷ ሁለት ጥቁር ቱቦዎች ወጥተው ወደ አንድ ረዘም ያለ ራዲያተር ይሄዳሉ። ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። «ይሄ ልጅ እንኳን ዕቃ አለው» ይላል። ቀብድ ይከፍላል።

ያቺ ክብ ነገር ከነቱቦዋና ከነራዲያተሯ ሊኩይድ ኩለር ትባላለች። ሥራዋ ቀላል ነው። ፕሮሰሰር ሲሠራ ይግላል። የልጁ ዓይነት ስምንት ኮር ያለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ሬንደር ላይ፣ ማለትም የተቆረጠውን ቪዲዮ አንድ ወጥ አድርጎ በማውጣት ላይ፣ ሲወጠር ከ150 ዋት በላይ ሊበላ ይችላል፤ የበላውንም መልሶ ሙቀት አድርጎ ያወጣዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከአውራ ጣት ጥፍር በማትበልጥ ቁራጭ ሲሊከን ላይ ነው። ስለዚህ ከላይዋ ጠፍጣፋ መዳብ ይጫንባታል፤ በመዳቡ ውስጥ በጣም ቀጫጭን ቦዮች አሉ። በክቧ ነገር ውስጥ ያለችው ፓምፕ ውሃውን በቦዮቹ ታሳልፋለች፤ ውሃው ሙቀቱን ተሸክሞ በቱቦው ወደ ራዲያተሩ ይሄዳል፤ እዚያ ፋን ያራግበዋል፤ ቀዝቅዞ ይመለሳል። ውሃ እንበለው እንጂ ግላይኮልና የዝገት መከላከያ ተቀላቅሎበታል፤ መጠኑም ከአንድ ጠርሙስ ለስላሳ አይበልጥም።

ሁሉም ከፋብሪካ ታሽጎ ነው የሚመጣው። አብዛኞቹ መሙያ የላቸውም። ስንት ውሃ እንደቀረ የሚታይበት መስኮት የላቸውም። መብራት አላቸው።

ባለፈው ጥር ኮምፒውተሩ ይለግም ጀመር። ድሮ ማታ ተሰጥቶት ጠዋት ጨርሶ የሚጠብቅ ሬንደር፣ ምሳ ሰዓት ደርሶም ገና ሙሽራዋ ከመኪና አልወረደችም። ቀጥሎ ድምፅ አመጣ። ጠዋት ሲበራ ከሆዱ ውስጥ ጉርር... ጉርርር ይላል፤ ከዚያ ዝም። ልጁ የሙቀት መለኪያ ፕሮግራም ጭኖ ቢያይ 100 ዲግሪ። የዚህ ዓይነቱ ፕሮሰሰር እዚያ ሲደርስ እንዳይቃጠል ብሎ ፍጥነቱን በገዛ ራሱ ይቀንሳል። በሠራተኛ ቢሆን የሥራ ማቆም አድማ ይባላል፤ በኮምፒውተር ሲሆን ግን ጥበቃ ነው።

100 ዲግሪ በአዲስ አበባ ቀልድ አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ፕሮሰሰሩ ከፈላ ጀበና በላይ ግሏል ማለት ነው። ይህንን ነገር ቪዲዮአቸውን ሊጠይቁ ለመጡ ለአንዲት የሙሽራ እናት ነገርኳቸው። ሴትዮዋ ኮምፒውተሩን በእጃቸው ጀርባ ዳሰሱት፣ ከንፈራቸውን መጠጡ፣ ከዚያ ወደ እህቴ ልጅ ዞር ብለው፣

«ታዲያ ቡና ጣድበታ! ቪዲዮውስ እንደሆነ አልወጣ» አሉት።

«እትዬ፣ ይወጣል። ማቀዝቀዣው ትንሽ አስቸግሮ ነው። ውስጡ ውሃ አለው...»

«ምን አለው?»

«ውሃ።»

«ውሃና መብራት ምን አገናኛቸው? እናንተ ልጆች ጭራሽ ፈጣሪንም አትፈሩም?»

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ግን ውሃና ኮምፒውተር የተዋወቁት ትናንት አይደለም። አይቢኤም ገና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አንዳንድ ትልልቅ ኮምፒውተሮቹን በውሃ ያቀዘቅዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ክሬይ 2 የተባለ የአሜሪካ ሱፐርኮምፒውተር ደግሞ ይባስ ብሎ ሰርኪዩቶቹ ፍሎሪነርት በተባለ፣ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፈሳሽ ውስጥ ተነክረው ነበር የሚሠሩት። አፕል እ.ኤ.አ. በ2004 ፓወር ማክ ጂ5 ላይ የውሃ ማቀዝቀዣ ገጥሞ ሸጧል፤ ጥቂቶቹ ከዓመታት በኋላ አፍስሰው ከሥራቸው ያለውን ሁሉ አበላሽተዋል፤ እትዬ የፈሩት እንዲህ ያለውን ነው። ታሽጋ የምትመጣዋ ትንሿ ማቀዝቀዣ በተራው ሰው ጠረጴዛ ላይ መለመድ የጀመረችው ወደ 2009 እ.ኤ.አ. ግድም ሲሆን፣ በዚህ ሙያ ስሙ የሚነሳው አሴቴክ መቀመጫው ዴንማርክ፣ ኦልቦርግ ከተማ ነው። እሱ ለብዙ ብራንዶች ይሠራል፤ ብራንዶቹ ስማቸውንና መብራታቸውን ይለጥፉበታል።

ይህን ሁሉ ለእትዬ አልነገርኳቸውም። ወጥተው ሲሄዱ በሩ ላይ ቆመው አንድ ጊዜ አማተቡ፤ ለልጁ ይሁን ለኮምፒውተሩ አልለየሁም።

ከዚያ ሐኪሞቹ ተግተልትለው መጡ።

የመጀመሪያው ባለቤቱ ራሱ ነበር። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ፣ ጥፋቱን ዊንዶውስ ላይ ጣለው። «ቫይረስ ነው፤ ፎርማት ይደረጋል» አለ። በከተማችን ፎርማት የማይፈውሰው በሽታ የለም ተብሎ ይታመናል። ኮምፒውተሩ ሆዱን ባዶ አድርጎ፣ ንጹህ ሆኖ ተነሳ። ሙቀቱ 100።

ጓደኛው ደግሞ አቧራ ነው አለ። እውነት አለው፤ የራዲያተሩ ክንፎች መሀል አቧራ ከተጋገረ ፋኑ የሚያራግበው አቧራውን እንጂ ብረቱን አይደለም። ክፋቱ የታዘዘው ሕክምና ጎሚስታ ቤት ሆነ። ኮምፒውተሩን ላዳ ላይ ጭነው ወስደው የጎማ መንፊያውን አስለቀቁበት። ፋኖቹ በዘመናቸው ዞረው በማያውቁት ፍጥነት ዞሩ፤ በጣት ካልተያዙ በዚህ ንፋስ ኩሽኔታቸው ሊበላ እንደሚችል፣ ከኮምፕሬሰር የሚወጣው አየርም ውሃ ያዘለ እንደሆነ የነገራቸው የለም። ጎሚስታው ሲጨርስ ሒሳቡን ተቀበለና፣ በነገራችን ላይ የላዳው የኋላ ጎማ ሊፈነዳ መድረሱን ነገራቸው። ከዚያ ቀን ምርመራ ሁሉ ትክክል የነበረው እሱ ብቻ ነው።

እኔም «ይረፍ» ብዬ ነበር። አሁንም በአቋሜ እንደጸናሁ ነኝ፤ እንኳን ኮምፒውተር ማንም ቢሆን የስንቱን ሰው እስክስታ ሌት ተቀን ሲያይ ከርሞ ይሞቀዋል።

ቦሌ አካባቢ ያለው ባለሙያ ግን ራሱን የቻለ ትረካ ነው። ኮምፒውተሩን ከፍቶ አየ። ከሲስተሙ ላይ የፓምፑን ፍጥነት አነበበ። «ብሮ፣ ፓምፑ ሰላም ነው፤ በደቂቃ 2,800 እየዞረ ነው። ችግሩ ፔስቱ ነው» አለ። ቴርማል ፔስት ማለቱ ነው፤ በፕሮሰሰሩና በመዳቡ መካከል የምትቀባዋ ግራጫ ነገር። ሁለት ብረት ምንም ቢለሰልስ ፊት ለፊት ሲጋጠም ዓይን የማያየው ክፍተት ይቀራል፤ እዚያ ውስጥ ያለው አየር ደግሞ ሙቀት አያሻግርም። ፔስቷ ያንን ክፍተት ትሞላለች። ከዓመታት በኋላ ትደርቃለች፤ አሮጌው በአልኮል ተወልውሎ አዲስ፣ የአተር ፍሬ የምታህል ጠብታ ይደረግበታል። አለቀ።

ባለሙያው መወልወሉን ዘለለው። በደረቀው ላይ አዲሱን ቱቦ እስኪሟጠጥ ጨመቀበት። መዳቡን መልሶ ሲጭነው ፔስቱ በአራቱም ማዕዘን ፈንቅሎ ወጥቶ ማዘርቦርዱ ላይ ወረደ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የተባለው ሰውዬ የት እንደሚሠራ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ልጁ ቤቱ ወስዶ በጥጥና በአልኮል ሲጠርግ አመሸ፤ በሥርዓቱም ቀባው። ሙቀቱ ሦስት ዲግሪ ወረደ። ሦስት ዲግሪ ለሕፃን ትልቅ ነገር ነው፤ 97 ላይ ላለ ፕሮሰሰር ግን ያው ነው።

ባለሙያው ሲደወልለት ተስፋ አልቆረጠም። «እንግዲህ ጊዜው አልፎበታል ብሮ፤ ሙሉውን ቀይረው» አለ። ሙሉውን! ሐምሌ 2016 ብር ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኮምፒውተር ዕቃ ዋጋ መጠየቅ ራሱ ላብ በላብ የሚያደርግ ነገር ሆኗል። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የአክስታችን ልጅ ደግሞ በስልክ፣ «ወርውረውና ሌላ ግዛ፤ እዚህ ማን ይጠግናል?» አለ። እሱ የተናገረው ስህተት የለበትም። የእነዚህ ነገሮች ዋስትና ባብዛኛው ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ነው፤ አምራቾቹም ከዚያ በላይ ይኖራሉ ብለው አይምሉም። ግን «ወርውረው» የሚለው ቃል አትላንቲክን ሲሻገር ሌላ ድምፅ ይኖረዋል። በእኛ ሰፈር የሚወረወር ነገር የለም፤ የሚቀመጥ እንጂ።

መፍትሔው የመጣው በኪራይ ቀን ነው።

የስቱዲዮው አከራይ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። በወጣትነታቸው ኤንትሬ ፊያት እየነዱ ከአሰብ አዲስ አበባ ጭነት ያመላለሱ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ሰው ሲናገር ድምፁ ከሞተር ጩኸት በላይ እንዲሰማ ሆኖ ስለተሠራ፣ የኪራይ ጥያቄያቸውን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። የዚያን ዕለት ግን በሩን ከፍተው ገና «እህሳ» እንዳሉ ቆሙ። ኮምፒውተሩ ሊነሳ ሲል ነበር። ጉርር... ጉርርር።

«ይኼ ነገር አየር ይዟል» አሉ።

ልጁ ለማስረዳት ሞከረ። ፓምፑ 2,800 እንደሚዞር፣ ባለሙያ እንዳየው፣ ፔስቱ እንደተቀየረ። ጋሼ በትዕግሥት ሰሙት።

«ይዞራል አልክ። ይገፋል ወይ?»

ልጁ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ፕሮግራሙ የሚለካው ዙሩን ነው፤ የሚገፋውን ውሃ አይለካም። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ይባላል፤ የዚህች ፓምፕ ዕጣ ግን ከዚያም የባሰ ነበር፤ የምትወቅጠው ውሃውን ሳይሆን አየሩን ነበር።

ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ሞተሩ የቱ ነው?» አሉ። ፕሮሰሰሩ ተጠቆመላቸው። «ራዲያተሩስ?» እሱም ተጠቆመላቸው። «በል አሁን ዳገት አስወጣው» አሉ። ልጁ የአንዱን ሠርግ ሬንደር ለቀቀበት። መስተዋቱ ተነስቷል። ጋሼ ሁለቱን ቱቦዎች በሁለት ጣታቸው ያዝ ያዝ አደረጉ፤ ከዚያ እጃቸውን ራዲያተሩ ላይ አሳረፉ። በነገራችን ላይ በመዳፋቸው ነው፤ የእጅ ጀርባ የሚያስቀምጡት ሥራ ፈቶች ናቸው። የኮምፒውተሩ ስክሪን 98 ይላል። ራዲያተሩ ቀዝቃዛ ነው።

«ሞተሩ እሳት፣ ራዲያተሩ በረዶ» አሉ። «ፔስትህ እንደሆነ በደንብ ተቀብቷል። ታዲያ ሙቀቱን የሚያመላልሰው የት ሄደ? ራዲያተሩ ቢግልልኝ ኖሮ ውሃው ይዞራል፣ ፋንህን ወይ አቧራህን እይ እልህ ነበር። ራዲያተሩ ካልጋለ ሙቀቱ እዚያ አልደረሰም።»

ከዚያ ታሪክ መጣ። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ያን ዳገት ጭነት ይዘው ሲወጡ፣ ረዳታቸው የሙቀት መለኪያው መርፌ አልተነሳም ብሎ ደህና ነን ይላቸዋል። መርፌው ያልተነሳው መለኪያው የሚነከርበት ውሃ ስላለቀ ነው። የጋለ ውሃ ቢኖር መርፌው ይነሳ ነበር። ዋሻው ጋ ሳይደርሱ ቴስታው ሄደ። «እዚያ ብርድ ውስጥ ስናድር ረዳቴ መርፌውን እያየ ያለቅስ ነበር» አሉ ጋሼ። «ምን ያስለቅስሃል፣ አልተነሳም እኮ እለዋለሁ።»

ልጁ ጎንበስ ብሎ የስቱዲዮውን ወለል አየ። «ግን አላፈሰሰም እኮ ጋሼ። ጠብታ የለም።»

የሊኩይድ ኩለር ተንኮል ይኼ ነው፤ ሳያፈስም ይጎድላል። ቱቦዎቹ ላስቲክ ናቸው፤ ውሃ በላስቲክ ውስጥ እጅግ በዝግታ፣ በዓይን በማይታይ መጠን እየሰረገ ይወጣል። ወር ሁለት ወር ምንም አይደለም። ዓመታት ሲያልፉ ግን የጎደለውን ቦታ አየር ይይዘዋል። አየር ደግሞ ሁልጊዜ ከሁሉ ከፍ ያለውን ቦታ ነው የሚፈልገው። ራዲያተሩ ከላይ ቢሆን አየሩ እዚያ ጥግ ላይ ተቀምጦ ማንንም ሳያስቸግር ይኖር ነበር። ፓምፗ የምትለሰልሰው በዚያው በምትገፋው ፈሳሽ ስለሆነ፣ አየር ላይ ስትዞር ዕድሜዋንም እየበላች ነው።

«ራዲያተሩን ከሞተሩ በታች ያደረገው ማን ነው?» አሉ ጋሼ።

ራዲያተሩ የተገጠመው ከኬዙ ወለል ላይ ነበር። ከሁሉ በላይ ያለችው ፓምፗ ናት። አየሩ ሁሉ ተሰብስቦ እሷ ላይ ተቀምጧል።

«የሸጠልኝ ሰው ነው ጋሼ። እንዲህ ሲሆን መብራቱ በደንብ ይታያል ብሎ።»

«ለማን?»

«ለደንበኛ።»

ጋሼ ወደ እኔ ዞረው፣ የእህቴን አስተዳደግ የሚጠይቅ ዓይነት አስተያየት አዩኝ።

እዚህ ላይ ስለ አዲስ አበባ አየር አንድ ነገር ልበል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ፋን ዙሩን እንጂ የሚዝቀውን አየር አይቆጥርም፤ አሰብ ላይ ሁለት ሺህ የሚዞር ፋን እዚህም ሁለት ሺህ ይዞራል፤ የሚያራግበው አየር ግን በክብደት ሩብ ያህል ያንሳል። ብርዳችን ባይክሰን ኖሮ የከተማችን ኮምፒውተሮች ሁሉ ሲያለከልኩ በዋሉ ነበር። የልጁ ስቱዲዮ ደግሞ ድምፅ እንዳይገባ ተብሎ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተሸፈነ ክፍል ነው። ብርዱም አይገባም።

ጋሼ የሰጡት መድኃኒት አጭር ነበር። «ገልብጠው።»

ገለበጡት። መጀመሪያ አጠፉት፤ ወዲያና ወዲህ ቀስ አድርገው አዘነበሉት፤ ውስጡ ጉልጉል ሲል ጋሼ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ያዳምጣሉ። ከዚያ እግሩን ወደ ጣራ አድርገው አቆሙት። ራዲያተሩ ላይ ሆነ፤ ፓምፗ ታች። አየሩ ወደ ራዲያተሩ ጫፍ ወጣ። ሲበራ ጉርር አላለም። ሬንደር ሲለቀቅበት 74 ላይ ቆመ። ራዲያተሩ ሞቀ። ጋሼ መዳፋቸውን አስቀምጠው «አሁን ተነፈሰ» አሉና፣ ወዲያው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስለ ኪራዩ ጠየቁ።

የኩባንያው ስም የተጻፈበት ፊደል ተዘቅዝቆ፣ መብራቱ ከታች ወደ ላይ እየሄደ፣ ኮምፒውተሩ በአናቱ ቆሞ ሁዳዴን ጨረሰ። የሙሽራዋ እናት እንደገና ሲመጡ በሩ ላይ ተገትረው ቀሩ።

«ደግሞ ለምን ተዘቀዘቀ?»

«ውሃው እንዲወርድለት ነው፣ እትዬ።»

«የኔ ልጅ፣ አባባ ዘንድ ጠበል ይዤህ ልሂድ?»

ቪዲዮውን ግን ይዘው ሄዱ። ማታውኑ ደወሉ። ሙሽራው ኬክ ሲቆርስ ከኋላው የሚያዛጋው ሰው ይውጣ አሉ። የባላቸው ወንድም ነው፤ ያዛጋው ደግሞ እኛን ንቆ ነው አሉ።

መገልበጡ ግን ዕድሜ የሚገዛ እንጂ የሚፈውስ አልነበረም። ከውሃ መጉደል ሌላ ሁለተኛ በሽታ አለ። የራዲያተሩ ሥራ አሉሚኒየም ነው፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚጫነው መዳብ ነው፤ ሁለቱ ብረቶች በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ሲኖሩ አንዱ ሌላውን ይበላዋል። የዝገት መከላከያው ይህን ያስታግሳል፤ እሱም ግን በጊዜ ብዛት ይዳከማል። ከዚያ ዝቃጭ ይፈጠራል፤ ዝቃጩ እነዚያ ቀጫጭን ቦዮች ላይ ሄዶ ይጋገራል። ከፋሲካ በኋላ፣ የዳግማዊ ትንሣኤ ሠርግ ገና በአንድ ጉልቻ ላይ እያለ፣ ሙቀቱ ዳግመኛ ወጣ። በሁለተኛው ሳምንት የፓምፑ ፍጥነት ዜሮ ሆነ። መብራቱ ደህና ነበር። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ።

ልጁ መጨረሻ ላይ የገዛው ያለ ውሃ የሚሠራውን ነው፤ ድፍን ያለ የአሉሚኒየም ክምር፣ በመሀሉ መዳብ ያለፈበት፣ ከፊቱ አንድ ጥቁር ፋን። መብራት የለውም። ቢበላሽ የሚበላሸው ፋኑ ነው፤ ፋን ደግሞ ይገኛል። ሙቀቱ 80 ገብቶ እዚያው ይቀመጣል። ልጁ ግን ቅር ብሎታል። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ኬዙን ዞር ያደርገዋል፤ ጎኑን ለግድግዳ ሰጥቶ። «ዕቃ ያለው አይመስልም» ይላል።

አዲሱን ሲያዩ ደስ ያላቸው ጋሼ ብቻ ነበሩ። «የቮልስዋገን ነገር!» አሉ። ቮልስ በአየር ብቻ ነበር የሚቀዘቅዘው፤ ያ መኪና ስንት ዓመት አዲስ አበባን እንዳገለገለ ደግሞ ከእሳቸው በላይ ማን ያውቃል።

አሮጌዋ ሊኩይድ ኩለር መወርወሩ ቀርቶላት መደርደሪያ ላይ ተቀምጣ ቆየች። አንድ ጠዋት ቆራሌው በበሩ ሲያልፍ ልጁ ጠራው። ሰውዬው ቱቦዋን ይዞ ጆሮው ጋ አስጠግቶ ነቀነቃት። ፈሳሹ ከወዲያ ወዲህ ተንቦጫረቀ።

«ጎድሏል» አለ። «ሙሉ ቢሆን አይንቦጫረቅም ነበር።»

የእህቴ ልጅ አየኝ። እኔም አየሁት። ቦሌ ያለው ባለሙያ መሣሪያ ሁሉ ያላወቀውን ነገር፣ ከደጅ የመጣ ሰው ጫማውን ሳያወልቅ ነገረን።

ቀጥሎ በኪሎ ድርድር ተጀመረ። ቆራሌው አሉሚኒየሙን ይወስዳል፤ የላስቲኩን ግን ይቀንሳል፤ ውስጡ ያለውን ውሃ ደግሞ አይመዝንም። ልጁ ውሃ ብቻ ሳይሆን ግላይኮልም እንዳለበት አስረዳው። «እንግዲያው እሱን ደግሞ ጭራሽ አልፈልግም» አለ ቆራሌው። ዋጋው እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ከአንድ ማኪያቶ ሲያንስ፣ ልጁ ተናዶ ሊመልሳት እጁን ዘረጋ። ቆራሌው ግን ክቧን ነገር በጨርቁ ጠርጎ አየት አየት አደረጋት።

«ይቺ ትበራለች?»

«አዎ።»

«አብራትና አሳየኝ።»

ልጁ ከአንድ አሮጌ ኬዝ ፓወር ሰጥቶ አበራት። ቀይ። ሰማያዊ። ሐምራዊ። ቆራሌው ሚዛኑን ወደ ጆንያው መለሰው።

«ታዲያ ምን በኪሎ ያነጋግረናል?» አለ። «እንደ ዕቃ ንገረኝ እንጂ።»